ክፍተቱን ማን ዘጋው

ኦክቶበር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ኢስፓንያ፣ ከኢቤር ወንዝ ማዶ ካለው የጦር ሰፈር

ይድረስ ላሳደጉኝ አጎቴ ለመቶ አለቃ ቪብዩስ፣ ለአክስቴ ለኦርቢያም ጭምር። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተን ካመማችሁ ግን እኔንም አሞኛል ማለት ነው። የቤታችን አማልክት ጓዳችሁን ይሙሉት፤ የእርስዎንም ጉልበት ከአገራችን ከሬያቴ ብርድ ይጠብቁልኝ።

ወሬ ከደብዳቤ እንደሚቀድም ስለማውቅ ዋናውን ልናገር፦ ተዋግተናል፣ አሸንፈናል፣ በሕይወት አለሁ። ይህችን መስመር ለአክስቴ ሦስት ጊዜ ያንብቡላት።

አዛዣችን ሉርኮ እርስዎ «ሆዱ ከጋሻው የሰፋ» እያሉ የሚስቁበት ሰው ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሰፈር አልወጣም አለ። ጠላቶቻችን ኬልቲቤሪያውያኑ በየማለዳው ሜዳው ላይ ተሰልፈው «ሽንብራ ቀቃዮች! ቀሚስ እንላክላችሁ?» እያሉ ይሰድቡናል። እኛ በንዴት ልንፈነዳ ደረስን። እሱ እቴ፣ ምን ገዶት! በአሥረኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ አስነሳንና ትኩስ ገንፎ በአይብ አበላን፤ ገላችንንም ለብርዱ ዘይት አስቀባን። ከዚያ ጠላት ገና አፉን ሳይጉመጠመጥ ፈረሰኞች ልኮ ድንኳናቸው ድረስ ነካካቸው። ባዶ ሆዳቸውን እየሮጡ ወጡ። እኛን ፀሐይ ከኋላችን እንድትሆን አድርጎ አሰለፈን። ነባሮቹን፣ ሦስተኛውን ረድፍ ማለቴ ነው፣ እንደ ወትሮው ከሁሉም ኋላ አላስቀመጣቸውም። በግራ ክንፍ በኩል፣ ልክ ከእኛ ከልጆቹ ጀርባ፣ ከጉብታ ሥር አንበረከካቸው። ጠላት ጭራሽ አላያቸውም።

አክስቴ ሁልጊዜ «እንዲያ ተጣብቃችሁ ቆማችሁ የደከመው በየት በኩል ይወጣል?» ትላለች። ይንገሯት፦ ከኋላችን ያለው ረድፍ መሃል መሃሉን ክፍት ይተዋል። የፊተኞቹ ሲደክሙ መለከት ይነፋል፣ በክፍተቱ ሾልከን እንገባለን። ሁለተኛው መለከት ሲነፋ ክፍተቱ በጋሻ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ውጭ የቀረ፣ ቀረ።

እኔ ቀርቼ ነበር። አይደንግጡ! ጭኔን ጦር ወግቶኝ ወደቅሁ፤ ሁለተኛው መለከት ሲነፋ ከጋሻዎቹ ሰባት እርምጃ ርቄ በአፈር ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ጋሻውን ከፍቶ ወጣና በደረቴ ማሰሪያ ጎትቶ አስገባኝ። ማን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ቁስሉ እየጠገገ ነው። ሐኪሙ በኮምጣጤ ሲያጥበኝ የጮህኩትን ጠላት ሰምቶ «እንደገና ጀመሩ» ብሎ ሸሸ እያሉ ይቀልዱብኛል።

የሱፍ ካልሲ ካለ ይላኩልኝ። እዚህ ያለው ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ልጅዎ ኑሜርዩስ


ኖቬምበር በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ሬያቴ

ለኑሜርዩስ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለዚያ ለማይረባ። በሰላም ዋል፣ በሰላም እደር፤ ቁስልህን አማልክት በገዛ እጃቸው ይስፉልህ።

አንተ ልጅ! «አይደንግጡ» ብለህ ስትጽፍልኝ ልቤ ቀጥ እንደሚል አጣኸው? አክስትህ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ዋለች። ከዚያ ተነስታ ሱፍ መፍተል ጀመረች፤ እስካሁን አላቆመችም። አራት እግር ያለህ መስሏታል መሰለኝ።

በሉርኮ ስቄ ነበር፤ ስህተቴን አምኛለሁ። የራስን ሰው አብልቶ የጠላትን ሆድ ባዶ አድርጎ መግጠም ግማሽ ድል ነው። ዘጠኝ ቀን ስድብ ችሎ መቀመጥ ደግሞ ከመዋጋት ይከብዳል፤ እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ወጥቼ አስጨርሳችሁ ነበር። ፀሐዩም ደህና ነው። ግን በግራ በኩል ጅረት እንዳለ የበቅሎ ነጋዴው ነግሮኛል። ጅረቱን ማን ይጠብቅ ነበር? እንዴ! ሁለት መቶ ቀላል ታጣቂ እዚያ ቢኖር አንተ ትወጋ ነበር? ይህን ለሉርኮ ንገርልኝ። ቆይ፣ ተወው፣ አትንገረው። ያስገርፍሃል።

ለራት የቀረበውን ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ውጊያችሁን እንዳለ ሠራሁት። አንተን በወይራ ፍሬ አደረግሁህ። ጠላትን በሽንብራ። መለከት ላስነፋ ስል ዶሮዋ ዘልላ የግራ ክንፉን ለቀመችው። አክስትህ «ለራት የቀረበ እህል ነው የምትጫወትበት?» ብላ ስትጮህብኝ ወይራውን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። አንተን ለዶሮ አልሰጥም አልኳት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ ሰው ማነው? ስሙን ለምን ደበቅከኝ? ጻፍልኝ። ትልቁን አይብ እልክለታለሁ። አገሩ ሲገባ ሄጄ እጁን እስማለሁ፤ ማንም ይሁን ማን። እኔ ለአንተ አባትም እናትም ሆኜ ያሳደግሁህ ነኝ፤ አንተን ከሞት ያወጣ እኔን አወጣ። በሄርኩለስ እምላለሁ።

አጎትህ ቪብዩስ


ዲሴምበር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰፈር

ለአጎቴ፣ ጤናዎ ከጤናዬ ይቅደም። ለአክስቴም እንደዚሁ፤ ካልሲው ገና ባይደርሰኝም በሐሳቡ ብቻ ሞቆኛል።

ስሙን ጠይቀውኛል፤ ነገሩን ከሆዴ ላውጣው። ፓክዩስ ነው። ሌላ ፓክዩስ አይደለም፤ የእኛው ነው፣ ከወይራ አጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤታችን። እባክዎ ደብዳቤውን አይጣሉት፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ምን እያልኩ እንዳደግሁ ያውቃሉ። «ክፍተቱን ዘግቶ አባቴን ያስገደለው» ነው ስሙ በቤታችን። እሳት ሲጠፋብን እንኳ አክስቴ የእነሱን ደጅ አልፋ ሦስተኛ ቤት ሄዳ ነበር ፍም የምታመጣው። እኔም ልጅ ሆኜ በበጎቹ ላይ ድንጋይ እወረውር ነበር። ይኸው ያ ሰው ነው ከጉብታው ሥር ተነስቶ የወጣልኝ።

አሁን ጉድ ፈልቷል። መሐላችንን ያውቁታል፦ መሣሪያ ሊያነሳ፣ ጠላት ሊመታ ወይም ዜጋ ሊያድን ካልሆነ በስተቀር ማንም ከረድፉ አይወጣም። ሉርኮ አስጠራውና «ወጥተሃል። ያዳንከው ማነው? ራሱ ይናገር» አለው። እኔ ያኔ በትኩሳት ራሴን ስቼ ተኝቻለሁ። ፓክዩስ ስሜን አልጠራም። «ልጁ በራሱ አፍ ካልተናገረ እኔ አልለምነውም» ብሎ ዝም አለ። ስለዚህ ድንኳኑን ከሰፈሩ አጥር ውጭ ተክሎ፣ በስንዴ ፋንታ ገብስ እየተሰፈረለት ይኖራል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻው ዘመቻው ነው። በረዶም ጥሏል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ተናገር እንጂ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ልማዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። መሰከርኩ ማለት ለዜጋ አዳኝ የሚሰጠውን የባሉጥ ቅጠል አክሊል በገዛ እጄ ራሱ ላይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን አባቴ ነው። በበዓል ቀን ደጁ እሄዳለሁ፣ ሲገባ እነሳለታለሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት አባቴ እለዋለሁ። እኔ በልቤ አባት የምለው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም አጎቴ እያልኩ ነው የምጠራው። ያለ ፈቃድዎ እንዴት አድርጌ?

ችሎቱ ማርች ሲያልቅ ነው፣ አዲሱ አዛዥ ሳይመጣ። ያ ካለፈ ስሙ «ረድፉን የተወ» ተብሎ ተጽፎ ይሰናበታል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ የሞተ ዕለት እርስዎም እዚያው ነበሩ። ስለ ሌላው ውጊያ ሁሉ ድንጋዩን ሳይቀር ነግረውኛል፤ ስለዚያኛው ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም። ምን ነበር የሆነው?

ልጅዎ ኑሜርዩስ


ጃንዋሪ በገባ በሃያኛው ቀን፣ ሬያቴ

ለኑሜርዩስ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ደርሷል። ተኩላ ሁለት በግ በላብን። የወይራ መጭመቂያው እጀታ ተሰብሮ አዲስ ጠርቤለታለሁ። ጉልበቴ እንዳለ ነው። አራት ጥንድ ካልሲ ከዚህ ጋር መጥቶልሃል። አይቡን አይጥ ስለበላው አልላክሁም።

የጦር ሥርዓትን ከእኔ ተማር። ሁለተኛው መለከት ከተነፋ ክፍተት ይዘጋል። ለአንድ ሰው የከፈተ ለመቶ ጠላት ከፈተ ማለት ነው። ጠላት የወደቀን ሰው አይከተልም፤ የተከፈተን በር ነው የሚከተለው። ሠራዊት የሚያልቀው በጀግና እጥረት አይደለም፣ በአንድ ክንድ ስፋት ቀዳዳ ነው። አለቃ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። ሉርኮ ልክ ነው።

ስለዚያ ሰውዬ ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ።

አክስትህ አጠገቤ ቆማ «አንተ ሰው፣ ንገረው» እያለች ትነዘንዘኛለች። ምኑን እንደሆነ እሷው ትወቅ።

ቪብዩስ


ፌብሩዋሪ በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከሰፈር

ለአጎቴ፣ ደህንነትዎን ከሁሉ አስቀድሜ እመኛለሁ፤ ቢቆጡኝም እመኛለሁ።

ካልሲው ደርሶኛል። ሁለቱን ጥንድ ለራሴ አስቀረሁ፣ ሁለቱን ለማን እንደሰጠሁ አይጠይቁኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ለአንድ ሰው የከፈተ ለመቶ ጠላት ከፈተ» ይላሉ። እሺ፣ ልክ ነው እንበል። ታዲያ ፓክዩስ ያን ጊዜ ዘግቶ ከሆነ ሕጉን ነው የፈጸመው፤ ሃያ ዓመት የጠላነው ለምንድነው? ስለዘጋ ጠላነው፣ አሁን ደግሞ ስለከፈተ ይጠላ። ኧረ አጎቴ፣ ይህ ሰው ምን ያድርግ?

እርስዎ ስለ እሱ አትጻፍ አሉኝ፤ እኔ ግን ሄጄ አየሁት። በዱላ እየተደገፍኩ በበሩ ወጣሁና የስንዴ ገንፎ ይዤለት ድንኳኑ ገባሁ። ሳሉ ከደረቱ ሥር ነው የሚመጣው። ሳህኑን ሲያይ፦

«የምን ነው?»

«የስንዴ።»

«የታዘዘልኝ ገብስ ነው።»

«ገብስ ነው ብለህ ብላዋ!»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ገንፎው ግማሹ ጺሙ ላይ ቀረ። ጠረግሁለት። «እኔ ነኝ የዳንኩት» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ከብደህ ወገቤን ልትቆርጠው ነበር» አለኝ። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቅሁት። ሳቁን አቆመ።

«አጎትህን ጠይቅ።»

«ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።»

«እንግዲያው እኔም አልመልስም። መቶ አለቃዬ ነበር። እሱ ያልነገረህን እኔ አልነግርህም።»

መቶ አለቃዬ! በዚያ ቀን ፓክዩስ በእርስዎ ሥር እንደነበረ ሃያ ዓመት ሙሉ አልሰማሁም። ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። እርስዎንም አላስጨንቅም። ግን ይወቁልኝ፦ መልስዎ እስከ ችሎቱ ካልደረሰኝ ፈቃድዎን ሳላገኝ እመሰክራለሁ። ከተወለድኩ እርስዎን ሳላስፈቅድ የማደርገው የመጀመሪያው ነገር ነው። ምንም ቢሆን ምን የሚቀየር ነገር የለም፤ እወድዎታለሁ።

ልጅዎ ኑሜርዩስ


ማርች በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ሬያቴ

ለልጄ ለኑሜርዩስ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አራት ቀን ሆነ። በየቀኑ የሰም ሰሌዳውን አወጣለሁ፣ ስምህን እጽፋለሁ፣ ሰሙን መልሼ እደልዘዋለሁ። ዛሬ ሳልደልዝ ልጨርሰው።

ዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ።

በሊጉሪያ ተራሮች መሃል፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነበርን። ግራና ቀኝ ገደል፣ ከኋላ ጓዝና በቅሎ። ከመንደራችን በዚያ ክፍል የነበርነው ሦስት ብቻ ነን፤ አባትህ ሳልቪዩስ ከፊተኛው ረድፍ፣ እኔና ፓክዩስ ከሁለተኛው። ፊተኞቹ ተሰብረው መጡ። ሁለተኛው መለከት ተነፋ። ወንድሜ አሥር እርምጃ ቀርቶታል፣ እግሩን እየጎተተ ነው፤ ሊጉሪያውያኑም ትንፋሻቸው ማጅራቱ ላይ ነው። አየኝ። በስሜ ጠራኝ። እኔ ወደ ሰዎቼ ዞሬ «ዝጉ!» አልኩ።

ፓክዩስ በቀኜ ነበር። ጋሻውን አዘንብሎ እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። ሊያገኘው ይችል ነበር ይሆናል። በመቶ አለቃነት ዘንጌ እጁን መታሁት፤ ሁለት ጣቱ ተሰበረ። ከዚያ ተዘጋ። ድምፁን ከጋሻው ማዶ ሰማሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አገር ስገባ እናታችን ደጅ ቆማ «ማን ነው የዘጋበት?» አለችኝ። አፌ «ፓክዩስ» አለ። በሄርኩለስ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ሞተች፣ አንተ አደግክ፣ ያ ነገ ሃያ ዓመት ሆነ። ፓክዩስ በገበያ ላይ ሲተፋበት ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አክስትህ ታውቅ ነበር፤ በእንቅልፌ «ዝጉ» እያልኩ ስጮህ እሷ ነች የምትቀሰቅሰኝ።

ዛሬ ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሞተ?» አለችኝ። እኔን ደጇ የሚያመጣኝ ሌላ ነገር አልታያትም። «አልሞተም» ብዬ እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ግባ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። ገባሁ።

ሂድና መስክር። አባቴ በለው፤ ጮክ ብለህ በለው። ፈቃዴን ጠየቅከኝ፤ ፈቃድ የመስጠት አፍ የለኝም፣ ግን ከፈለግከው ይኸውልህ።

አንድ ነገር ብቻ እመነኝ። ያሳደግሁህ ለጸጸቴ ማስታገሻ አይደለም። መጀመሪያ ነበር፤ አልዋሽህም። ከዚያ መራመድ ጀመርክ፣ በአጥሩ ሥር ወድቀህ ግንባርህን ተፈነከትክ፣ እኔን ስታይ ነው ለቅሶህን የጀመርከው። ከዚያች ቀን ወዲያ ስለወደድኩህ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አጎቴ ብለህ መጻፍ ቢያቅትህ ይገባኛል።

ቪብዩስ


ኤፕሪል በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ከሰፈር

ይድረስ ለመቶ አለቃ ቪብዩስ፣ ለአጎቴ። ይኸው፣ አላቃተኝም። እናንተ ደህና ሁኑ፤ እኛ ሁለታችንም ደህና ነን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ችሎቱ ካለፈ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው። መስክሬያለሁ። ሉርኮ ሠራዊቱን ሁሉ ሰብስቦ «ያዳነህ እሱ ነው?» አለኝ። «እሱ ነው።» «እንደ አባት ታከብረዋለህ?» «አከብረዋለሁ።» «ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምን ትሠራ ነበር?» «አንድ አባት ስለነበረኝ ነው ጌታዬ» አልኩት። ሉርኮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሁለት ቢኖሩህ ማን ይከለክልሃል፣ አድርግለት» አለኝ። አክሊሉን አደረግሁለት። ሰፊ ሆኖ ጆሮው ላይ ወረደና ወታደሩን ሁሉ አሳቀ፣ እሱም ራሱ ሳቀ። አሁን አጥሩ ውስጥ ነው፣ ስንዴ ይበላል፣ ሳሉም ቀንሶለታል።

ከዚያ ደብዳቤዎ መጣ። አልደብቅዎትም፤ ሁለት ቀን ተቆጣሁዎት። አባቴ ከጋሻው ማዶ ሲጣራ እየታየኝ እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳውን ይዤ ፓክዩስ ጋ ሄድኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ስጨርስ መጀመሪያ ያለው «ሁለት ጣት አይደለም፣ ሦስት ነው» ነው።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ያን ሸለቆ አላየኸውም። ያቺ ክፍተት ብትከፈት ኖሮ ጓዙ ድረስ ገብተው ያርዱን ነበር። ሰባ ሁለት ነበርን፤ ሰባ ሁለታችንም አገራችን ገባን። አጎትህ ነው ያተረፈን፣ በገዛ ወንድሙ። ያንን ተሸክሞ እናቱ ፊት እንዴት ይቆማል? የእኔ ጫንቃ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ልያዝለት አልኩ። ሃያ ዓመት ይፈጃል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ሰውዬው እንደሆነ የያዘውን የማይለቅ ግትር ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ከፈትክ?»

«እሱም ስህተት ነው፣ አትድገመው። አጎትህ አጠገቤ ስላልነበረ ነው የከፈትኩት።»

ከዚያ አክሊሉን ከራሱ አውርዶ ብዙ ጊዜ እያገላበጠ አየው። «ከሰባ ሁለታችን አንድም ሰው ለእሱ አልመሰከረም» አለኝ። «ሁላችንም የክፍተቱን መዘጋት እየረገምን ነው የኖርነው። ሰሌዳህን አምጣ፣ ጻፍ።» እንዳለው ጻፍኩ፦ እኔ ፓክዩስ፣ መቶ አለቃ ቪብዩስ በሊጉሪያ ሸለቆ ሕይወቴን እንዳዳነ በራሴ አፍ እመሰክራለሁ፤ ልማዱም እንደሚያዘው ከዛሬ ጀምሮ እንደ አባቴ አከብረዋለሁ። በሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠኝ፣ አባት ለመሆን ቸኩሏል፤ ግን ሕጉ ስለ ዕድሜ አንዳች አይልም።

እንግዲህ ይደምሩት። እሱ ለእኔ አባቴ ነው፣ እርስዎ ለእሱ አባቱ ነዎት። እርሻው ሳይታጨድ ሁለታችንም እንገባለን፤ አክስቴ ሁለት አልጋ ታንጥፍ።

የልጅ ልጅዎ ኑሜርዩስ